ከቦሌ አስመራ፦ የአንድ ሰዓት መንገድ እንዴት የአንድ ቀን መንገድ ሆነ?

በኢትዮጵያም ሆነ በኤርትራ ሰው ሲሞት ቀብሩ ብዙ አይቆይም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቢቻል በዕለቱ፣ ካልሆነም በማግስቱ ይቀብራል። ስለዚህ በሁለቱም አገሮች ዘመድ ያለው ሰው መርዶ ሲደርሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የኪሎ ሜትሩን ቁጥር አይደለም። «ለቀብር ይደረሳል ወይስ ለሠልስት?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የአዲስ አበባና የአስመራ በረራ ታሪክ በዚህ ጥያቄ ሲለካ ከብዙ የዲፕሎማሲ ሰነድ የበለጠ ይናገራል።

ካርታውን ብቻ ለተመለከተ ሰው መልሱ ቀላል ነው። በቦሌና በአስመራ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ከተሞች በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ስለሆኑ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ሰሜን አዙሮ ቀጥ ብሎ ቢሄድ አስመራ ይደርሳል። ከፍታቸው እንኳን ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ማረፊያዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ላይ ናቸው። በመኪና ተራራውን ዞሮ፣ በደሴና በመቀሌ አልፎ የሚሄደው መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በጄት አውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። ጠዋት መርዶ የሰማ ሰው ከሰዓት በኋላ ቀብር ላይ ይቆማል።

ቀጥታው በረራ ሲቋረጥ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በዱባይ የሚዞር መንገደኛ መጀመሪያ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ተመልሶ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርራል። በካይሮ ቢዞርም ድምሩ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በአየር ላይ ብቻ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይፈጃል። የመሸጋገሪያው ጥበቃ፣ ቪዛውና የበረራው ቀን አለመገጣጠም ሲጨመርበት ጉዞው አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ይሆናል። የቲኬቱ ዋጋም እንደዚያው ነው። ያ ሰው ዕድለኛ ከሆነ ለሠልስት ይደርሳል።

የመቀሌው ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ዕጣ አለው። ከመቀሌ እስከ አስመራ በቀጥታ መስመር 210 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላኑ ከፍታውን ሳይጨርስ መውረድ የሚጀምርበት ርቀት ማለት ነው። በሁለቱም በኩል አንድ ቋንቋ ይነገራል፤ ጋብቻና ዝምድናው ብዙ ነው። ሆኖም የአዲስ አበባና የአስመራ መስመር ክፍት በነበረበት ጊዜ እንኳን የመቀሌው ተሳፋሪ መጀመሪያ 500 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ከዚያ 700 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን መመለስ ነበረበት። መስመሩ ሲዘጋ በዱባይ በኩል 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራል።

ርቀቱን ያስረዘመው መልክዓ ምድር አይደለም። እንዴት እዚህ እንደተደረሰ ለማወቅ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

■ የመጀመሪያው ማረፊያ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ የሚጀምረው በዚሁ መስመር ላይ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያ በረራ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአስመራ በኩል ካይሮ ገባ። አውሮፕላኑ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ወታደራዊ ማመላለሻ፣ በተለምዶ ዲሲ-3 ከሚባለው ቤተሰብ ነበር። ሥራውን የሚመሩት ቲደብሊውኤ ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ስምምነት የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ።

አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበረች። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታሪኩ መጀመሪያ ከአገር ውጭ ያረፈባት ከተማ አስመራ ናት። መስመሩ ሲወለድ ዓለም አቀፍ በረራ ነበር ማለት ነው። በ1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች፤ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈርሶ ኤርትራ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ግዛት ተባለች። ያው በረራ፣ በያው ሰማይ ላይ፣ የአገር ውስጥ በረራ ሆነ።

አየር መንገዱ በዚሁ ዘመን ቦይንግ ጄቶቹን አገኘ። የዲሲ-3ቱ የሁለት ሰዓት ተኩል ጉዞ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ወረደ። በመሣሪያ በኩል ሁለቱ ከተሞች ከዚህ የበለጠ ሊቀራረቡ አይችሉም ነበር። ካለፉት ስድሳ ዓመታት በላይ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ለዚህ መስመር ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጊዜውን ያሳጠረውም ያስረዘመውም ከዚያ ወዲህ ፖለቲካው ብቻ ነው።

■ ጥይት በአየር ላይ

የፌዴሬሽኑ መፍረስና የተጀመረው የትጥቅ ትግል ወደ አውሮፕላኖቹም ገባ። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአስመራ በኩል ወደ አውሮፓ የሚሄደውን በረራ ለመጥለፍ የሞከሩት ወጣቶች የተማሪው ንቅናቄ አባላት ነበሩ። ከመካከላቸው የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ያነሣው ዋለልኝ መኮንንና ማርታ መብራህቱ ይገኙበታል። አውሮፕላኑ እንደተነሣ በውስጡ የነበሩ የጸጥታ ሰዎች ተኩስ ከፈቱ። ቦምብ ፈነዳ፤ የተጎዳው አውሮፕላን ተመልሶ አዲስ አበባ አረፈ። ከጠላፊዎቹ አብዛኞቹ ሞቱ። የዚያ ትውልድ ትልቁ ክርክር፣ ማን የማን አገር ነው የሚለው ጥያቄ፣ አስመራ ለመድረስ በተነሣ አውሮፕላን ውስጥ ደም አፈሰሰ።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ መስመሩ የአንድ ከተማ እስትንፋስ ሆነ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ሲይዝ አስመራ ከባሕሩ ተቆረጠች። በየብስም ተከበበች። ከዚያ እስከ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ድረስ፣ ከአንድ ዓመት በላይ፣ ወደ ከተማዋ የሚገባው ምግብም መድኃኒትም ወታደርም በአየር ነበር። ማረፊያው በመድፍ ይደበደብ ነበር። ለአስመራ ነዋሪ የአውሮፕላን ድምፅ በዚያ ዓመት ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ወይ እህል መጣ፣ ወይ ጦርነቱ ሊረዝም ነው።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ሻዕቢያ አስመራ ገባ። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። በረራው እንደገና ዓለም አቀፍ ተባለ።

■ ያልተጻፈው ውል

ከ1985 እስከ 1990 ዓ.ም. ያሉት ዓመታት ብዙውን ጊዜ የፍቅር ዘመን ተብለው ይታወሳሉ። ሰው በቀላሉ ይመላለስ ነበር። ብር በሁለቱም አገሮች ይሠራ ነበር። የአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ክፍት ነበር። መሪዎቹ በትግል ዘመን ይተዋወቁ ነበር፤ ችግር ሲነሣ ስልክ ተደዋውለው ይጨርሱታል የሚል እምነት ነበር።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ድንበሩ በመሬት ላይ አልተካለለም። የንግዱ ደንብ ግልጽ አልነበረም። ኤርትራ በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ናቅፋ የተባለውን የራሷን ገንዘብ ስታወጣ፣ በሁለቱ ገንዘቦች መካከል የሚኖረው ሒሳብ በምን እንደሚሠራ ሁለቱ መንግሥታት አልተስማሙም። ኢትዮጵያ ከአነስተኛ የድንበር ንግድ በስተቀር ግብይቱ በውጭ ምንዛሪ ይሁን አለች። ንግዱ ተንኮታኮተ፤ ቅሬታው አደገ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን የቀሰቀሰው ገንዘቡ ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ለጭቅጭቅ ዳኛ የሚሆን የተጻፈ ደንብ ስላልነበረ እያንዳንዱ ቅሬታ ወደ መሪዎቹ ክብር እየወጣ ሄደ።

ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ተዋጊ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ ደበደቡ። በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ፤ ቦምብ ዓይደር ትምህርት ቤት ላይ ወድቆ ሕፃናትን ገደለ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አጭር ርቀት በዚያ ቀን የተለካው በተዋጊ ጄት ደቂቃዎች ነበር።

■ ሃያ ዓመት በሦስተኛ አገር

ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ዓ.ም. በአልጀርስ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ዓ.ም. የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን አሳወቀ፤ ባድመን ለኤርትራ ሰጠ። ውሳኔው መሬት ላይ ሳይወርድ ቀረ። ጦርነትም ሰላምም የሌለበት ዘመን ተባለ።

በዚያ ዘመን በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሁለቱም አገሮች ተባረው ወይም ሸሽተው ተለያይተዋል። ባል እዚህ፣ ሚስት እዚያ የቀሩበት ቤት ብዙ ነው። ቀጥታ በረራ አልነበረም፤ ቀጥታ ስልክም አልነበረም። መገናኘት የቻለ ቤተሰብ በካይሮ፣ በካርቱም፣ በናይሮቢ ወይም በዱባይ ተገናኘ። ገንዘብ የሌለው በዘመድ በኩል በሚላክ ፎቶግራፍ ልጆቹ ሲያድጉ አየ። ለቀብር መድረስ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ተረሳ፤ ሰው ወላጁ መሞቱን ከወራት በኋላ እየሰማ ቤቱ ለቅሶ ተቀመጠ።

■ ድሪምላይነሩ

ሐምሌ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስመራ ገቡ። በማግስቱ ከፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ ጋር የጋራ መግለጫ ፈረሙ፤ የጦርነቱ ሁኔታ ማብቃቱን፣ የትራንስፖርት፣ የንግድና የመገናኛ ግንኙነት እንደሚቀጥል አወጁ። ስልኩ ተከፈተ። ሰዎች የማያውቁትን ቁጥር እየደወሉ ከማያውቁት ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መደበኛ በረራ ተነሣ። የተሳፋሪው ቁጥር በአንድ አውሮፕላን የሚበቃ ስላልሆነ ሁለት ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች በደቂቃዎች ልዩነት ተከታትለው ሄዱ። ይህ አውሮፕላን ያለማቋረጥ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲበርር የተሠራ ነው። በዚያ ቀን የሄደው 700 ኪሎ ሜትር ነበር። በአስመራ ማረፊያ መሬቱን የሳሙ ነበሩ። ለዓመታት የተለዩ አባቶችና ልጆች እዚያው ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ዓለም በቴሌቪዥን አየ።

ያ ቀን ሐሰት አልነበረም። የሰዉ ደስታ እውነተኛ ነበር፤ የተገናኙት ቤተሰቦችም እውነተኛ ናቸው። ጎዶሎው ሌላ ቦታ ነበር። በሩ ተከፈተ እንጂ ማጠፊያው አልተገጠመለትም። በመስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በዛላምበሳና በቡሬ የየብሱ ድንበር ተከፈተ፤ የጭነት መኪና፣ ሲሚንቶ፣ ጤፍና ልብስ በሁለቱም አቅጣጫ ጎረፈ። የጉምሩክ ሥርዓት፣ የምንዛሪ ተመን፣ የመግቢያ ደንብ ግን ገና አልተዘጋጀም ነበር። ዓመት ሳይሞላ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ለምን እንደተዘጉ ለሕዝቡ በቅጡ የነገረው አልነበረም።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ፈነዳ። ኅዳር 5 ቀን ከትግራይ የተተኮሱ ሮኬቶች አስመራ ላይ ወደቁ፤ የትግራይ መሪዎች ዒላማው አውሮፕላን ማረፊያው መሆኑን ተናገሩ። የመቀሌ ማረፊያ ለመንገደኞች ተዘጋ፤ በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በረራው ሲቀጥል በመቀሌ ማረፊያም የአስመራው ትዕይንት ተደገመ፤ ለቅሶና እቅፍ። በአንድ አካባቢ ያሉ ሁለት ማረፊያዎች በአምስት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ የመገናኘት ለቅሶ አስተናገዱ።

■ ሻንጣና የባንክ ሒሳብ

ከዚያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኤርትራ ሲቪል አቪዬሽን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከመስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ አስመራ እንዳይበርር መወሰኑን አስታወቀ። የቀረበው ምክንያት የሻንጣ መጥፋትና ስርቆት፣ መዘግየትና የዋጋ ጭማሪ ነበር። አየር መንገዱ በበኩሉ በአስመራ ያለው የባንክ ሒሳቡ መታገዱንና ገንዘቡን ማንቀሳቀስ አለመቻሉን ገለጸ። የተባለው ቀን ሳይደርስ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራውን አቋረጠ።

ሁለቱን ቅሬታዎች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ሻንጣና የባንክ ሒሳብ። ሁለቱም በዓለም ላይ በየቀኑ የሚያጋጥሙ የአየር መንገድ ችግሮች ናቸው። አየር መንገዶች የሸጡትን ቲኬት ገንዘብ ከአንድ አገር ማውጣት ሲያቅታቸው የሚነሣው ክርክር የተለመደ ነው፤ የውጭ አየር መንገዶችን ገንዘብ በጊዜው ካላስተላለፉ አገሮች ጋር የኢትዮጵያም ስም ተጠርቶ ያውቃል። የጠፋ ሻንጣም የካሳ ደንብ አለው። እነዚህ ነገሮች መደበኛ የአየር አገልግሎት ውል ባላቸው አገሮች መካከል ሲነሡ የሁለቱ ወገን ባለሙያዎች ተሰብስበው፣ ጊዜ ተሰጣጥተው፣ ካልተስማሙ ለገላጋይ ያቀርቡታል። በዚህ መሐል አውሮፕላኑ ይበርራል።

ከሻንጣው ጀርባ ፖለቲካ አልነበረም ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የነበረው መቀዝቀዝና የቀይ ባሕር ጉዳይ የተደበቀ አይደለም። ነገር ግን 1990ን እና 2016ን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ተመሳሳይ መንገድ ያያል። መጀመሪያ መሪዎች በፍቅር ይጀምራሉ፤ ደንብ ሳይጻፍ ሥራው ይጀመራል፤ የገንዘብ ክርክር ይነሣል፤ ዳኛ የለም፤ ከዚያ በሩ ይዘጋል። የሚከፍለውም በሁለቱም ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ለቀብር የሚቸኩለው።

■ ወረቀት ምን ያደርጋል?

«የአልጀርሱም ወረቀት ነበር፤ ምን ፈየደ?» የሚል ክርክር መነሣቱ አይቀርም። ክርክሩ ተገቢ ነው። የመጨረሻና አስገዳጅ የተባለ ውሳኔ ለአሥራ ስድስት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ወረቀት ጦርነትን አያስቆምም። ትልቅ ወረቀት ሲከሽፍ ደግሞ ትንንሾቹንም ይዞ ይወድቃል።

ይሁን እንጂ ሌላ ዓይነት ወረቀትም አለ። ቻይናና ታይዋን እርስ በርሳቸው እንደ መንግሥት አይተዋወቁም። ለአሥርት ዓመታት በመካከላቸው መደበኛ ቀጥታ በረራ አልነበረም፤ ከታይፔ ሻንጋይ የሚሄድ ነጋዴ በሆንግ ኮንግ በኩል ዞሮ ቀኑን ይፈጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱም ወገኖች ለዚሁ ባቋቋሟቸው ከፊል መንግሥታዊ ድርጅቶች አማካይነት የአየር ትራንስፖርት ስምምነት ፈረሙ። የሉዓላዊነትን ጥያቄ አልነኩም። የበረራውን ብዛት፣ መስመሩንና የአየር መንገዶቹን አሠራር ጻፉ። ጉዞው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ወረደ። ከ2016 ወዲህ ፖለቲካቸው በጣም ሲቀዘቅዝ፣ የጦር መርከቦች በባሕሩ ላይ ሲፋጠጡ እንኳን በረራው ከነአካቴው አልቆመም። ጠብ ያላቸው ወገኖች መጣላታቸውን ሳይተዉ የተሳፋሪን ጉዳይ ለብቻው ማስቀመጥ እንደሚችሉ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

የአዲስ አበባና የአስመራ መስመር አንድ ቀን እንደገና መከፈቱ አይቀርም። ከሰባ ዓመት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የውጭ፣ የአገር ውስጥ፣ እንደገና የውጭ፣ የተዘጋ፣ የተከፈተ፣ እንደገና የተዘጋ ሆኗል፤ የመጨረሻው ምዕራፍ ይህ ነው የሚያሰኝ ነገር የለም። ሲከፈት የሚበተነው አበባና የሚዘፈነው ዘፈን ከ2010ሩ ላያንስ ይችላል። በዚያ ቀን መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው። የቲኬቱ ገንዘብ በምን ምንዛሪ፣ በስንት ቀን ይተላለፋል? የጠፋ ሻንጣ ማን ይከፍላል? አንዱ ወገን ማቆም ቢፈልግ ስንት ወር አስቀድሞ ያሳውቃል? ክርክሩ እስኪያልቅ የታመመና ኀዘን የደረሰበት ሰው በምን ይሄዳል? መቀሌና አስመራስ በቀጥታ የሚገናኙት መቼ ነው?

እነዚህ ጥያቄዎች የሚያሰለቹ ናቸው፤ ካሜራም አይስቡም። ሁለት ጊዜ ሳይመለሱ በመቅረታቸው ግን የ700 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ሁለት ጊዜ ከ4,000 በላይ ሆኗል። እስከዚያው ድረስ በአንድ ደጋ ላይ ያሉ ሁለት ከተሞች ሰዎች መርዶ ሲሰሙ ሻንጣቸውን አያነሡም። ስልኩ ከሠራ ደውለው ያለቅሳሉ፤ ካልሠራ ጎረቤት ጠርተው ድንኳን ይተክላሉ፤ ቀብሩ ያለ እነሱ ይፈጸማል።